ካኖን 700ዲ ለኤችዲአር፦ ጣርማ በርም መንዝም ወስጄ የሞከርኩት

ያገለገለ ካኖን 700ዲ ከነ 18-55 ሌንሱ ከገዛሁ ይኸው ዓመት ሞላኝ፣ ደብረ ብርሃን ፎቶ የሚያነሱ ልጆች ባገኙኝ ቁጥር "ለኤችዲአር ይሆናል ወይ" ይሉኛል። ኤችዲአር ማለት አንዱን ቦታ ጨለም አድርጎም ፈካ አድርጎም ደጋግሞ አንስቶ ፎቶዎቹን ወደ አንድ ማዋሃድ ነው፣ ጥላውም ብርሃኑም እንዲታይ። ይሆናል! በጣም ነው የወደድኩት፣ ግን የት እንደሚያዋጣ የት እንደማያዋጣ ማወቅ አለባችሁ።

ካሜራው የ2013 ነው፣ 18 ሜጋፒክስል። ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ኤኢቢ የሚለውን ስትከፍቱ አንዱን ቦታ ሦስት ጊዜ ያነሳላችኋል፣ መጀመሪያ ልኩን ከዛ ጨለም ያለውን ከዛ ፈካ ያለውን፣ ልዩነቱ እስከ 2 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ወይም በግማሽ መቀነስ ነው)። የልኩ ሹተር 1/60 ሰከንድ ከሆነ ጨለማው 1/250፣ ፈካ ያለው 1/15 ይመጣል ማለት ነው። እኔ ኤቪ ላይ (አፐርቸሩን እኔ፣ ሹተሩን ካሜራው የሚመርጥበት ሞድ) አድርጌ አፐርቸሩን ማለትም የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8፣ አይኤስኦውን ማለትም ለብርሃን ያለውን ስሜት 100 ላይ እቆልፋለሁ፣ ፎከሱን ካገኘሁ በኋላ ማኑዋል አደርገዋለሁ፣ ፎቶው በራው (ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ነው። ታይመሩን 2 ሰከንድ ላይ ስታደርጉት ደግሞ አንዴ ብቻ ተጭናችሁ ሦስቱንም በተከታታይ ይጨርሰዋል፣ እጅ ስለማይነካው አይነቃነቅም፣ ይሄ ነገር ብቻውን ያስወድደኛል። ካሜራውን ስታጠፉት ኤኢቢው አብሮ ስለሚጠፋ እንደገና ማስተካከል እንዳትረሱ።

ጣርማ በር ላይ ከጣሊያን ዋሻ ውስጥ ሆኜ አፉን ወደ ደብረ ሲና በኩል አነሳሁ፣ ውስጡ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው ውጪው የሚያሳውር ብርሃን፣ እዚህ ሦስት ፎቶ አይበቃም። ያደረግኩት ምንድነው፣ አንድ ዙር ካነሳሁ በኋላ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (ፎቶውን ማፍኪያና ማጨለሚያውን) ወደ ፕላስ 4 ስቶፕ ገፍቼ ሁለተኛ ዙር ጨመርኩ፣ ያኔ የዋሻው ድንጋይ ወጣ። ያስቸገረኝ ነፋሱ ነው፣ ትራይፖዴ ርካሽና ቀላል ስለሆነ ሦስቱ ፎቶ አልገጥም አለኝ፣ በኋላ ከስሩ በፌስታል ድንጋይ ሞልቼ አንጠለጠልኩበትና ቆመልኝ። ትራይፖድ ላይ ሲሆን የሌንሱን ስታቢላይዘር (የእጅ መንቀጥቀጥ ማረሚያውን) አጥፉት። ጉሙ ከገደሉ ሲወጣ ደግሞ በሦስቱ መሀል ቦታ ስለሚቀይር ቶሎ ቶሎ መውሰድ ነው።

ግን ካሜራውን የወደድኩት መንዝ ነው። አያቴ ቤት፣ ግድግዳው ድንጋይ ጣሪያው የጓሳ ሳር፣ መስኮቱ መዳፍ አያክልም፣ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ። አያቴ በሩ አጠገብ ቁጭ ብላ ለባና (ለሱፍ ብርድ ልብስ) የሚሆን የበግ ጠጉር ትፈትላለች፣ ለፊቷ ስትለኩ ግቢው ነጭ ወረቀት ይሆናል፣ ለግቢው ስትለኩ ቤቱ ጥቁር። ስንት ዓመት በስልክ ሞክሬ ያቃተኝ ፎቶ ነው። "ገና ነው ወይ ልጄ?" ትለኛለች፣ እንዝርቷን አታቆምም፣ እንድታቆምም አልፈለግኩም ምክንያቱም እሷ እሷ የምትሆነው ስትፈትል ነው።

ሦስቱን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ በላይትሩም ፕሮግራም ኤችዲአር ብዬ ሳዋህድ ግድግዳው፣ ምድጃው፣ ጭሱ የገባበት የብርሃን ጨረር፣ የግቢው ሳር ሳይቀር ቁልጭ አለ፣ እጇ ግን ሦስት ቦታ ታየ። ዲጎስት የሚባለውን የተንቀሳቀሰ ነገር ማጥፊያ ሃይ (ከፍተኛ) ላይ ሳደርገው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ የተንቀሳቀሰ ነገር ካለ መፍትሄው ቤቱን በብራኬት (በሦስቱ የኤኢቢ ፎቶ) አንስቶ ሰውየውን ግን ሹተሩ ፈጠን ባለ አንድ ራው ለብቻ መውሰድና በኋላ ፎቶሾፕ ላይ ማጋጠም ነው፣ እኔ አይኤስኦውን 800 አድርጌ ትራይፖዱን ሳላነቃንቅ ወሰድኳት።

ሞድ መምረጫውን ኤስሲኤን (SCN) ላይ ስታደርጉት ራሱ አዋህዶ የሚሰጥ የኤችዲአር ሞድም አለው፣ ጄፔግ ብቻ ነው የሚያወጣው ጠርዙንም ትንሽ ይቆርጣል፣ ለችኮላ ካልሆነ አልጠቀምበትም።

ዋጋ አልጽፍም በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ብር ካላችሁ ካኖን 70ዲ እስከ 7 ፎቶ፣ እስከ 3 ስቶፕ ልዩነት ይወስዳል፣ ዋሻ ለዋሻ ለሚዞር ሰው እሱ ይሻለዋል። የኔ ግን የአያቴን ፊትና ግቢዋን ባንድ ፎቶ አሳይቶኛል፣ አሁን ትልቅ አድርጌ ላሳትመው ነው፣ ለፋሲካ ይዤላት እሄዳለሁ።