የቆሰለ አውራ ዶሮ ሲመለስ፦ ማታ ቆጥ ላይ ማስቀመጥ ወይስ በሽቦ ለይቶ ማለማመድ?

አውራው ድኖልህ ወደ ዶሮዎቹ ልትመልሰው ነው እንበል። አንዱ መንገድ ሲጨልም ቀስ ብሎ ቆጥ ላይ አስቀምጦ መውጣት ነው፣ ዶሮ በጨለማ እምብዛም ስለማያይ ማታውን ጸብ የለም፣ ግን ጣጣው ጠዋት ነው፣ በተለይ ሌላ አውራ ካለ ገና ሲነጋ ይነሳበታል አንተ ደግሞ ያኔ ተኝተሃል። ለአንድ ሁለት ቀን ብቻ ለተለየ ይሰራል፣ ብዙ ከቆየ ግን እንደ እንግዳ ነው የሚያዩት።

ሌላው እዛው አጠገባቸው በሽቦ ከልሎ የራሱን ምግብና ውሃ ሰጥቶ እየተያዩ እንዲቆዩ ማድረግ ነው። ሳምንት ምናምን ይፈጃል፣ አሰልቺ ነው አውቃለሁ፣ ግን በሽቦው በኩል ተፎካክረው ይወጣላቸዋል፣ የመድማቱም ነገር ይቀንሳል። ከዛ አንዲት ረጋ ያለች ዶሮ አስገባለት፣ ቀጥሎ ቆመህ እያየህ ቀላቅላቸው፣ ምግቡንም ሁለት ሶስት ቦታ አድርገው። ትንሽ መነቋቆር ኖርማል ነው፣ ደም ካየህ ግን ወዲያው አውጣው፣ ዶሮ ቀይ ነገር ካየ መንቆሩን አይተውም።

እኔ ሽቦውን ነው የምመርጠው። ቁስሉ ገና ክፍት ከሆነ ግን ሁለቱም ይቅርብህ፣ እስኪደርቅና ላባ እስኪሸፍነው ጠብቅ።