ምሕረትን ወደ ይቅርታ፣ ይቅርታን ወደ ምሕረት የሚመራ የሕግ መዝገበ ቃላት

ለሰው የተጻፈ አቤቱታ ሳርም «ምሕረት» እና «ይቅርታ» በአንድ ዓረፍተ ነገር ተቀላቅለው ስላገኘሁ፣ ልዩነታቸውን ለማረጋገጥ በስልኬ የጫንሁትን የሕግ መዝገበ ቃላት መተግበሪያ ከፈትሁ።

በዕለት ተዕለት አነጋገር ረገድ ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ለታመመ «እግዜር ይማርህ»፣ ለሞተ «ነፍስ ይማር» መባሉን፣ ጨካኙ «ምሕረት የለሽ» መባሉን፣ «ዓ.ም.» ብለን በጻፍን ቁጥርም ቃሉን ሳናስተውል መጥራታችንን መዝግቧል። ከሁሉ የወደድሁት የፊደሉን ማስታወሻ ነው፤ በግዕዝ «መሀረ» በሃሌታው ሀ አስተማረ፣ «መሐረ» በሐመሩ ሐ ይቅር አለ ማለት ሲሆን፣ አማርኛ የድምፅ ልዩነቱን ስላጣ «ተማረ» ስንል ትምህርት የቀሰመውንም ምሕረት ያገኘውንም ልንል እንችላለን።

ወደ ሕጉ ፍች ሲገባ ግን መተግበሪያው ይወድቃል። «ምሕረት» የሚለውን ስነካ «ይቅርታን ተመልከት» አለኝ፤ «ይቅርታ» የሚለውን ስነካ «ምሕረትን ተመልከት» ብሎ መለሰኝ። በሕግ ቋንቋ ይቅርታ የተፈረደበትን ሰው ቅጣት በሙሉ ወይም በከፊል የሚያስቀር ሲሆን፣ የጥፋተኝነት ፍርዱን ግን ብዙውን ጊዜ አይሰርዘውም፤ ምሕረት ደግሞ በአብዛኛው በሕግ ተደንግጎ የሚወጣ፣ ሰዎችን በጅምላ የሚመለከት፣ ክስ ሳይመሠረትም ሊሰጥ የሚችልና ድርጊቱን እንዳልተፈጸመ የሚያስቆጥር ነው። አውሮፓውያን ለዚህ ለሁለተኛው የሚጠቀሙበት ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ መርሳት ነው፤ አቴናውያንም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ403 ከእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ያለፈውን በደል ላለማንሳት ተማምለው ነበር።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1966 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 6 ንዑስ አንቀጽ 4፣ ሞት የተፈረደበት ሰው ይቅርታ ወይም የቅጣት ለውጥ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ምሕረትን የሚጠቅሰው ሊሰጡ ከሚችሉት መካከል እንጂ ሰውየው በመብት ከሚጠይቃቸው መካከል አይደለም። ተከሳሽ ዳኛውን «ምሕረት ይደረግልኝ» ሲል በተለምዶ የሚያገኘው ደግሞ ከሁለቱ አንዱን ሳይሆን የቅጣት ማቅለያን ነው፤ መተግበሪያው ስለዚህ አንድም ቃል አልጻፈም።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ፤ ሦስቱም ለፊደሉና ለአነጋገሩ ናቸው። በአቤቱታው ላይ «ምሕረት» የሚለውን ሰርዤ «ይቅርታ» ያልሁት የቃል ኪዳኑን አንቀጽ ራሴ ካነበብሁ በኋላ ነው።