ደሴ ላይ «አማርኛ ሰምቶ የሚጽፍ ሶፍትዌር» ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቆይ አንዴ

ንዴቴ ገና አልበረደም። ትናንት ከሰዓት ፒያሳ ላይ 8,500 ብር አስረክቤ መጣሁ። ማንም አልቀማኝም። ቆጥሬ በእጄ ነው የሰጠሁት።

ሥራዬ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ኪቦርድ ስደበድብ ኖሬ የቀኝ እጄ አንጓ እምቢ ብሏል፤ ማታ ማታ ይቆረጥመኛል። አንድ ደንበኛዬ «ስታወራ የሚጽፍ ነገር መጥቷል» ሲለኝ ጊዜ እግሬ ራሱ ወሰደኝ።

ሱቁን አልጠራም፤ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ ስፒከር ይጮሃል፣ ዕቃው ሁሉ «ኦሪጅናል» ነው፣ ገና ሳትቀመጡ ሻይ ይታዘዝላችኋል። ልጁ አፉ ማር ነው። «ጋሼ፣ ለእርስዎ ስል ነው እንጂ በዚህ ዋጋ አይወጣም።» ላፕቶፔን ተቀበለኝ፣ ከስልኩ ዳታ አበራ፣ ትንሽ ነካካ፣ ማይኩን ሰካና «ይናገሩ» አለኝ። «ከሳሽ እና ተከሳሽ» አልኩ። ጻፈ! ወላሂ አንድ ፊደል አልሳተም። ሶፍትዌሩ 5,000፣ ማይኩ 3,500። ሰኞ ገበያ በግ ስገዛ ጥርሱን ሳላይ፣ ላቱን ሳልዳብስ የማልከፍል ሰውዬ፣ ዋጋ እንኳን አልተከራከርኩም።

ማታ ቤት ዋይፋዩን ከፍቼ፣ ማይኩን ከንፈሬ ሥር ለጥፌ፣ አንድ የይግባኝ ማመልከቻ ማስጻፍ ጀመርኩ። እናገራለሁ፣ ይጽፋል። «አራት ነጥብ» ስለው ነጥቡን ትቶ ቃሉን በፊደል ይጽፍልኛል። ይሁን፣ ቀስ እያለ ይለምዳል አልኩ። ልጄ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ በጠረጴዛው ጎን ስታልፍ እግሯ ገመዱን ጠለፈው። እኔ አላየሁም። አወራለሁ፣ ስክሪኑም ይጽፋል። ቀና ስል ልጅቱ የማይኩን ጫፍ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ቆማለች።

«አባ» አለች ቀስ ብላ፣ «ተነቅሏል እኮ።»

«ዝም በይ፣ ይጽፋል» አልኳት።

ይቺም ተጻፈች። «ይግባኝ ባይ» ከሚለው ቀጥሎ «ዝም በይ ይጽፋል» ተብሎ ስክሪኑ ላይ ተቀመጠ። ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው።

ለካ ማይኩ ከመጀመሪያውም አይሰማም ነበር። ሲሰማኝ የቆየው ላፕቶፑ ውስጥ ራሱ ያለው ማይክ ነው። የገዛሁት ማይክ ጫፉ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበት ነው ያለው፤ የማይክ ቀዳዳው ለብቻው ለሆነ ዴስክቶፕ ነው። የኔ ላፕቶፕ ለማዳመጫውም ለማይኩም አንድ ቀዳዳ ብቻ ስላለው ባለ ሦስት ቀለበት ይፈልጋል። «ሶፍትዌሩ»ስ? የላፕቶፔ ስክሪን ላይ የተቀመጠች አንዲት ምልክት ናት። ልጄ ስትጫናት ክሮም ተከፍቶ ጎግል ዶክስ፣ ኢንተርኔት ላይ የሚጻፍበት የጎግል ገጽ፣ መጣ። ቱልስ፣ ከዚያ ቮይስ ታይፒንግ፣ ከዚያ አማርኛ። በቃ! ነጻ ነው። ጎግል አማርኛን በድምፅ መጻፊያው ውስጥ ያስገባው በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው። ያን ሁሉ ዓመት በነጻ ተቀምጦ እኔ 5,000 ብር ከፍዬ ገዛሁት።

ዛሬ ጠዋት ሄድኩ። ማሩ አልቋል። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «ጽፏል አልጻፈም?» አለኝ።

«ጽፏል፣ ግን ማይኩ...»

«ከጻፈ ታዲያ ምን ሆኑ ጋሼ?»

አገጩን ወደ ግድግዳው ቀሰረ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ጥግ ላይ የተቀመጠው ጓደኛው «ለፋዘር በደንብ አስረዳቸው እንጂ» ብሎ ሳቀ። ደረሰኝ እንዳላወጣ፣ «በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ይጨመራል» ሲለኝ ይቅርብኝ ያልኩት እኔው ነኝ። የሰው ክስ ስጽፍ የምውል ሰውዬ፣ ማስረጃ ሳልይዝ!

ልትገዙ ከሆነ ማይኩን አስነቅላችሁ ተናገሩ፤ ከጻፈ ውጡ። ኢንተርኔቱንም አስጠፉና ሞክሩ፤ መጻፉን ካቆመ ያው የኔው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ማይክ የግድ ካስፈለጋችሁ የዩኤስቢ ይሁን፤ የቀለበት ጣጣ የለበትም። ስልክ ላይ ደግሞ ጂቦርድ የሚባል የጎግል ኪቦርድ አለ፣ እሱም አማርኛ ይሰማል፣ እሱም ነጻ ነው።

ይግባኙ ነገ ይገባል። «ዝም በይ ይጽፋል» የምትለዋን ያጠፋኋት ይመስለኛል።