«ከዚህ ኮምፒውተር አይወጣም» ለሚሏችሁ ኮፒ ቤቶች ሰነዳችሁን አትስጡ

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው፤ ነገ ፓስፖርቱን በፍላሽ ይዞ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አይጠፋምና። «ኮፒ፣ ስካን፣ ላሚኔት፣ ፓስፖርትና ዲቪ ኦንላይን እንሞላለን» የሚል ባነር የሰቀሉትን ቤቶች በየሰፈራችሁ ስለምታውቋቸው አልተርክላችሁም። ለውጭ አገር ትምህርት የማመለክትበት ድረ ገጽ ከ500 ኪሎባይት የበለጠ ፋይል ስለማይቀበል፣ ላፕቶፔም ጥገና ላይ ስለሆነ፣ የፓስፖርቴንና የዲግሪዬን ስካን ለማስቀነስ ገባሁ።

ፍላሼን ከመስጠቴ በፊት ጽሑፉ እንዳይበላሽና ፋይሉ ወደ ምንም ድረ ገጽ እንዳይጫን በግልጽ ጠየቅሁ። ልጁ «እዚሁ የራሳችን ፕሮግራም አለን፣ ከዚህ ኮምፒውተር አይወጣም» አለኝ። ለአንድ ገጽ 50 ብር ለመክፈል የተስማማሁትም በዚህ ቃል ነው።

ፍላሹን እንደሰካ ብሮውዘር ከፈተ፣ «ፎቶ መቀነሻ» ብሎ ፈለገ፣ ከላይ የመጣለትን ማስታወቂያ የወረረው ገጽ ተጫነና ፓስፖርቴን በማውዝ ጎትቶ እዚያ ላይ ጣለው። «ምን እያደረግህ ነው?» ብዬ ሳልጨርስ አረንጓዴዋ መስመር ከዳር እስከ ዳር ሞላች። ስሜን፣ የልደት ቀኔን፣ የፓስፖርት ቁጥሬንና ፎቶዬን በአንድ ላይ የያዘው ገጽ የማን እንደሆነ ወደማይታወቅ ሰርቨር ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደሚያየውም ሆነ መቼ እንደሚጠፋ የምጠይቀው ሰው የለኝም። «ቃልህስ?» ስለው ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ «እህቴ፣ ያንቺን ፓስፖርት ማን ምን ያደርገዋል? ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያሠራው» ብሎ መለሰልኝ፤ አጠገቡ ፎርም የምትሞላው ልጅም ሳቀችብኝ።

እውነቱን ነው፣ ሰው ሁሉ እንዲህ ሲያሠራ ኖሯል። የተቀነሰውን ፋይል ሲያወርድ የተከፈተው ፎልደር የማላውቃቸው ሰዎች ፓስፖርት፣ የቀበሌ መታወቂያና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ሞልቶበታል፤ እኔ ቆሜ እንዳየሁት ማንም ደንበኛ ቆሞ ሊያየው ይችላል። አጥፋልኝ ስለው «ማታ ሁሉንም እናጠፋለን» አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በወጣበት አገር እንዲህ ያለ መልስ መስማት ያማል።

ያን ሁሉ ከፍዬበት ያገኘሁት ምስል ደግሞ ለምንም አይሆንም። ጄፔግ የሚባለው የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት ምስሉን በ8 በ8 ፒክሰል (የምስል ነጥብ) እየከፋፈለ ዐይን ብዙም አይለየውም የሚባለውን ዝርዝር የሚጥል አሠራር ነው፤ ጥራቱ ከልክ በላይ ሲወርድ የመልክዓ ምድር ፎቶ ብዙ ላያሳጣ ይችላል፣ በነጭ ወረቀት ላይ ያለ ጥቁር ፊደል ግን ጠርዙ ይፈዝዛል። በፓስፖርቴ ግርጌ ካሉት ሁለት ባለ 44 ምልክት መስመሮች 3ትን ከ8 መለየት አይቻልም፤ የዲግሪዬ ማኅተምም ሰማያዊ ጭጋግ ሆኗል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) የተነሣ ኤ4 ገጽ 2480 በ3508 ፒክሰል ነው፤ መጀመሪያ ስፋቱንና ቁመቱን በግማሽ ቀንሶ ጥራቱን ከ100 80 አካባቢ ቢተወው ጽሑፉ ይነበብ ነበር። ይህን ስነግረው «እንግዲህ ሳይዙ ቀንሷል፣ የጠየቅሽው እሱን ነው» ብሎ ሙሉውን ሂሳብ ተቀበለኝ።

ምስል የምትቀንሱ ከሆነ በስልካችሁም ቢሆን ራሳችሁ ሥሩት። የጉግል ክሮም ቡድን ያወጣው ስኩሽ የተባለው ነጻ መሣሪያ ምስሉን ወደ ሰርቨር ሳይልክ እዚያው ብሮውዘሩ ውስጥ ያሳንሰዋል፤ ሌላ ገጽ ከሆነ ከተከፈተ በኋላ ኢንተርኔታችሁን ዘግታችሁ ሰነድ ባልሆነ ፎቶ ሞክሩት፣ መሥራት ካቆመ ፋይሉን ወደ ሰርቨር የሚልክ ሊሆን ይችላልና ሰነዳችሁን አትስጡት። ለእነዚህ ቤቶች በቴሌግራም የላካችሁት ሰነድ ካለ ከሁለቱም ወገን ሰርዙት፤ ኮምፒውተራቸው ላይ የወረደውን ግን በአካል ሄዳችሁ፣ ዓይናችሁ እያየ ከሪሳይክል ቢን ጭምር እንዲያጠፉት አድርጉ።