የፒያሳው ዴክ ሠሪ ኮልፌ ተገኙ

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ «እነዚያ ዴክና ቴፕ የሚሠሩት ሰውዬ የት ገቡ?» ያላችሁ ካላችሁ፣ አሉ፤ ኮልፌ ናቸው። ይህን የምጽፈው አንድም ላመሰግናቸው፣ አንድም የድሮ ደንበኞቻቸው እንዲያገኟቸው ነው።

የእናትና የአባቴ ሰርግ በ1986 ዓ.ም. በቪኤችኤስ ካሴት ተቀርጿል። አጎቴ በየበዓሉ «እኔ በሕይወቴ እስክስታ ወርጄ አላውቅም» ይላል፤ እናቴ ደግሞ «ካሴቱ ይመስክር» ትላለች። ካሴቱ አለ። አክስቴ ከዱባይ ያመጣችው ፓናሶኒክ ዴክም (የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻው) አለ። የቸገረን ፍላት ቲቪው ነው፤ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጃክ የሚሰካበት ቦታ የለውም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ (ስሙ ይቅር) ኮንቨርተር ሸጠልኝ። ብሰካው፣ ብነቅለው፣ ቲቪው «ኖ ሲግናል» ከማለት አልወጣም። ሁለተኛው ሱቅ ዴኩን እንኳ ሳይከፍት «ለቆራሌው ስጪው» አለኝ። ይህን ለእናቴ እንዴት ብዬ ልንገራት?

ጎረቤት ጠቁማኝ ለእኚሁ ለፒያሳው ሰው፣ ለጋሼ፣ ስደውል ስለ ዴኩ ምንም አልጠየቁኝም። «የቲቪሽን ጀርባና ጎን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፣ ልጄ» ብቻ አሉ። ቤት መጥተው ኮንቨርተሩን ሲያዩ ሳቁ። ለካ አዲስ ሪሲቨርን ከአሮጌ ቲቪ ጋር የሚያገናኘውን ነው የሸጡልኝ! እኔ የምፈልገው የተገላቢጦሹን ነበር፤ ሁለቱ ሲታዩ ደግሞ መንታ ናቸው። ትክክለኛውን አምጥተው ቢሸጡልኝ ደስ ብሎኝ እከፍል ነበር። እሳቸው ግን እኔ የጆሮ ማዳመጫ ነው ብዬ የተውኩትን ትንሽ ቀዳዳ አሳዩኝ። አጠገቡ «ኤቪ ኢን» (የምስልና የድምፅ መግቢያ) ተጽፏል። የሚያስፈልገው አንድ አጭር ገመድ ብቻ ነው፤ በአንዱ ጫፍ ቀጭን ፒን፣ በሌላው ሦስቱ ቀለሞች።

ገመዱም ተንኮለኛ ነው። ቢጫውን ከቢጫ ሲያገናኙት ምስል እምቢ አለ። የዚህ ዓይነት ገመድ ውስጡ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል ብለው ቢጫውንና ቀዩን አቀያየሩ፤ ምስሉ መጣ። እኔ ብሆን ገመዱን ወርውሬው ነበር።

ካሴቱን ከመክተታቸው በፊት በመስኮቱ በኩል ወደ ብርሃን ይዘው ነጭ ሻጋታ እንደሌለው አዩ፤ ሻጋታ ካለው ዴኩን አልፎ ሌሎቹንም ካሴቶች ይበክላል። የዴኩን ሄድ (ቴፑን የሚያነበውን ክፍል) በአልኮልና በስስ ቆዳ ጠረጉ። ጥጥ አጠገቡ አያስደርሱም፣ ክሩ ሄዱን ይይዘዋልና። ዓመታት የተቀመጠውን ቴፕ ደግሞ እስከ መጨረሻው አጠንጥነው ከመለሱት በኋላ ነው ማጫወት የጀመሩት። እናቴ «ያኔ እንዲህ ወፍራም ነበርኩ እንዴ?» ብላ ስትደነግጥ በሰፊው ስክሪን የተለጠጠውን ምስል ወደ ድሮው ቲቪ ወርድ፣ ወደ 4 በ3፣ መለሱላት፤ ወዲያው ሙሽራዋ ቀጠነች።

የተቀበሉኝ የገመዱንና የአንድ ከሰዓት ድካማቸውን ብቻ ነው። የሚነቀፉት በቀጠሮ ነው፤ ቅዳሜ ያሉኝ ማክሰኞ መጡ።

ወደ ፍላሽም ይገለብጣሉ። የሁለት ሰዓት ካሴት ሁለት ሰዓት ስለሚፈጅ አትቸኩሉባቸው፤ ግን ደግሞ እናንተም አትዘግዩ። ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2008 ዓ.ም. ማምረት ካቆመ ወዲህ አዲስ ዴክ የሚሠራ የለም።

አጎቴን እሑድ ጠርተን አሳየነው። ሠላሳ ዓመት የካደው ትከሻ ስክሪኑን ሞልቶ ሲርገፈገፍ ዝም ብሎ አየና «እኔ ቆሜ ነው፤ የሚንቀጠቀጠው ካሴቱ ነው» አለ።

የጋሼን ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ጠይቄያቸው ፈቅደዋል። ስትደውሉ የቲቪያችሁን ጀርባ ፎቶ አዘጋጁ።