ተተኪ የፕላስቲክ ፓራፋንጎ ለአነስተኛ ትራክተር፦ አካሉ ደህና፣ ማሰሪያው ደካማ

ፓራፋንጎው (የጎማው ጭቃ መከላከያ) ራሱ ጥሩ ነው፤ ፕላስቲኩ ወፍራም፣ ጠርዙም በደንብ የታጠፈ። ችግሩ አብሮት የሚመጣው ማሰሪያ ላይ ነው። ባለ 8 ሚሊሜትር ብሎን በስስና ጠባብ ሮንዴላ (ብሎኑ የሚያልፍበት ጠፍጣፋ ቀለበት) ሲታሰር ጭነቱ ሁሉ የቀዳዳው ጠርዝ ላይ ያርፋል። ሞተሩ ሲያንቀጠቅጠው፣ ይባስ ብሎ ሹፌሩ ፓራፋንጎውን ተደግፎ ሲወጣ፣ ከዚያው ከቀዳዳው ይሰነጠቃል። ብሎኑን የሚይዘው ተራ ዳዶም በንዝረት ይላላል።

ስለዚህ ከመግጠማችሁ በፊት ማሰሪያውን ቀይሩ፦ በየብሎኑ ከላይና ከታች 30 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሮንዴላ፣ በፓራፋንጎውና በመሸከሚያው ብረት መካከል ቁራጭ ጎማ፣ ከሥር ደግሞ ውስጡ ናይለን ያለው ዳዶ። የፕላስቲኩን ቀዳዳ ወደ 10 ሚሊሜትር አስፉት፤ ፀሐይ ሲመታው የሚለጠጥበት ቦታ ይፈልጋል። ብሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በእጅ አስይዙ፣ ከዚያ በቁልፍ አጥብቁ፤ ጎማው መጨመቅ ሲጀምር ይበቃል። በአየር መፍቻ በፍጹም!

የድሮው ፓራፋንጎ ስንጥቅ ገና አጭር ከሆነ አዲስ አትግዙ። እንዳይቀጥል ጫፉን በ3 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ብሱትና በተመሳሳይ የፕላስቲክ ዘንግ በሙቀት አስበይዱት። ፕላስቲኩ ፖሊኢትሊን የሚባለው ዓይነት ከሆነ ሱፐር ግሉ አይዘውም። መሸከሚያው ብረት ከተጣመመ ግን አስቀድማችሁ አቃኑት፤ አለዚያ አዲሱም በዚያው ቦታ ይሰነጠቃል።