ወንበሩን ወደ ግድግዳ ላዞረችው ሹሩባ ሠሪ

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ የሕፃናት መዋያ ልጆች የምንንከባከብ ሠራተኞች ነን። ይህን የምንጽፈው አንዲት ሹሩባ ሠሪ ለማመስገንና ልጃቸው ራስ ላይ ቅማል ገብቶ ለተቸገሩ ወላጆች ለመጠቆም ነው። ስሜን አትጥሩ ስላለችን አንጠራውም። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲኬድ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ካስክ ብቻ ባለው ጠባብ ቤት ውስጥ ትሠራለች። እህታችን፣ እጅሽ ይባረክ! ዘጠኝ ልጆች ዛሬ ራሳቸውን ሳያኩ ይተኛሉ።

ከእሷ በፊት ልጆቹ ላይ የደረሰውን ሳንናገር ማለፍ ግን አንችልም። አንድ ፀጉር ቤት የሰባት ዓመት ልጅ ሰው በሞላበት «ቅማላም ይዛችሁብን መጣችሁ» ተብላ ተመልሳለች። ሌላ ቦታ ደግሞ «ተላጭታ ትገላገል» አሉ፤ የልጅቷን ፊት ዞር ብሎ ያየ እንኳ አልነበረም። መድኃኒት የሸጠው ሰው ጠርሙሱን በፌስታል አድርጎ ከመስጠት በቀር መቼ እንደሚደገም ትንፍሽ አላለም። ከሁሉም የከፋው ፍሊት ንፉባትና በሻሽ ሸፍኑት ያለው ነው። የበረሮ መርዝ በሕፃን ራስ ላይ! ነጭ ጋዝ ይቀባ የሚሉም አሉ። ነጭ ጋዝ ቆዳ ያቃጥላል፣ ትነቱም ሳንባ ይጎዳል፤ የቡና ከሰል በተያያዘበት ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ፍንጣሪ ልጅቷን ከነፀጉሯ ያነዳታል። እባካችሁ፣ ይህን ምክር ከማንም አትቀበሉ።

ያቺው የሰባት ዓመቷ ልጅ እህታችን ዘንድ ስትቀመጥ ሁለት ደንበኞች ተራ ይጠብቁ ነበር። ሹሩባዋን ፈትታ፣ ከጆሮዋ ጀርባ ያለውን ፀጉር በጣቷ ከፈል አድርጋ አየችና ምንም አላለችም። ወንበሩን ብቻ ወደ ግድግዳው አዞረችው፤ የመስኮቱ ብርሃን ማጅራቷ ላይ እንዲያርፍ፣ ፊቷም ከሰው እንዲሸሸግ። ከደንበኞቹ አንዷ «ምን ሆና ነው?» ስትላት «ፀጉሯ ተቋጥሯል፣ ቀስ ብዬ ልፈታላት ነው» አለች። ከዚያ ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብላ «የኔ ማር፣ ዛሬ ትንሽ እንቆያለን፤ ሲደክምሽ ንገሪኝ» አለቻት። ቅማል የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም። አንገቷን ደፍታ የገባችው ልጅ ከሩብ ሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቷን ወሬ እያወራችላት ነበር። ለዚህ ብቻ እንኳ ምስጋናችን አያልቅም።

ሥራዋን ደግሞ አብጠርጥራ ታውቀዋለች። ሹሩባ ሳይፈታ የሚደረግ ነገር ሁሉ ከንቱ ድካም ነው፤ ቅጫሙ የሚለጠፈው ከራስ ቆዳው አጠገብ ፀጉሩ ሥር ነው፣ ሹሩባው ደግሞ እሱኑ ይሸፍንለታል። ፈትታ በውኃ ካረጠበችው በኋላ አንድ የቡና ሲኒ ሙሉ ኮንዲሽነር ከሥር እስከ ጫፍ ትቀባለች። ትከሻ ለሚደርስና ለተጠቀለለ ፀጉር ይህ ይበቃል፤ ሲደርቅ ትጨምራለች። ኮንዲሽነሩ ቅማሉን ባይገድለውም እንደልቡ እንዳይሮጥ ያደርገዋል፤ ማበጠሪያውንም ያንሸራትተዋል። ቀጥላ ጥርሱ ሰፊ በሆነው ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምራ ወደ ሥር ትፈታዋለች። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተቋጠረ ፀጉር ላይ ቀጭኑን ማበጠሪያ ከገፉት ፀጉሩ ይበጠሳል፣ ልጅ ታለቅሳለች፣ ሥራው ከግማሽ ይቀራል፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ተራብቶ እንደገና ሙሉ ይሆናል።

ከዚያ ብረቱ የቅማል ማበጠሪያ ይመጣል። ጥርሱ ረጅምና የተጠጋጋ፣ ሲጫኑት የማይከፈት መሆን አለበት፤ የፕላስቲኩ ጥርስ ወፍራም ፀጉር ላይ ይለጠጥና ቅጫሙን ያሳልፈዋል። ፀጉሩን የትንሿን ጣቷን ውፍረት በሚያክል ክፍልፋይ ትለያለች፣ ማበጠሪያውን የራስ ቆዳ አስነክታ እስከ ጫፍ ትስባለች፣ በሳበች ቁጥር ነጭ ሶፍት ላይ ትጠርገዋለች። ሶፍቱ ላይ ሰሊጥ የምታክል ቡናማ ነገር እግሯን ስታንቀሳቅስ አይተናል፤ ከጎኗ ደግሞ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጡ ነጣ ያሉ ነበሩ። እነዚያን ትንንሾቹን ነው ብዙ ሰው ሳያይ የሚያልፈው። ከጆሮ ጀርባና ከማጅራት ጀምራ፣ ሁሉንም ክፍልፋይ ሁለት ጊዜ ከሄደችበት በኋላ ታጥባ እንደገና ታበጥራለች። ለአንድ ወፍራም ፀጉር ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ፎረፎርና ቅጫም የምትለየውም በጣቷ ነው። ፎረፎር እፍ ሲሉት ይበናል ወይም በፀጉሩ ላይ ይንሸራተታል፤ ቅጫም ከአንዷ ፀጉር ጎን ተጣብቆ በጥፍር ካልተጎተተ አይነቃነቅም። ከቆዳው ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ርቆ የተገኘ ቅጫም ብዙውን ጊዜ ባዶ ቅርፊት ነው፤ ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ያህል ስለሚያድግ ከተፈለፈለ ቆይቷል ማለት ነው። እሱን አይቶ መድኃኒት መጨመር አያስፈልግም።

እህታችን ያለችንና ሌላ ቦታ ማንም ያላለን ነገር ግን ይህ ነው፦ አንድ ቀን አይበቃም። ቅጫም ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። የተፈለፈለውም አድጎ እንቁላል እስኪጥል 9 ወይም 10 ቀን ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ በ1ኛው፣ በ5ኛው፣ በ9ኛውና በ13ኛው ቀን ትጠራለች። በእነዚህ ቀናት ከተበጠረ አዲስ የወጣው ሳይወልድ ይያዛል። በ13ኛው ቀን አንድ እንኳ ከተገኘ ቆጠራው እንደገና ከ1 ይጀምራል። አንዷ ልጅ ላይ ይህ ደርሷል፤ ያለምንም ማጉረምረም እንደ አዲስ ጀመረችላት።

መድኃኒት ለሚፈልግም የምትለው አላት፣ ትክክልም ነው። ለራስ ቅማል የሚሆነው ፐርሜትሪን 1 በመቶው ነው፤ 5 በመቶው ለእከክ ነው። ኮንዲሽነር ባልነካው፣ በሻምፑ ታጥቦ በፎጣ በደረቀ ፀጉር ላይ ይቀባል፣ 10 ደቂቃ ይቆያል፣ ልጅ ራሷን ጎንበስ አድርጋ አይኗን በፎጣ ሸፍና ይታጠባል። ቅጫሙን አብዛኛውን ስለማይገድል በ9ኛው ቀን ይደገማል። ያ ሻጭ ሳይነግረን የቀረው ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበር! ከሁለት ወር በታች ላለ ጨቅላ አይሆንም። ራሷ ላይ መግል የቋጠረ ቁስል ያለባት ወይም የአንገቷ ንፍፊት ያበጠ ልጅ ስትመጣ ደግሞ አትነካትም፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትሂድ ትላለች።

ቅቤስ? ለስላሳ ያደርጋል፣ ለማበጠር ይረዳል፣ ከዚያ አያልፍም። ቅማል ለሰዓታት ሳይተነፍስ መቆየት ይችላል፣ ቅጫሙም ቅቤውን ከቁብ አይቆጥረውም።

ቤት ውስጥ ደግሞ አትጨነቁ። የራስ ቅማል አይዘልም፣ አይበርም፤ ራስ ከራስ ሲነካካ እየሄደ ነው የሚሻገረው። ንጹሕ ፀጉርም ይይዘዋል። ከራስ ከወረደ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሞታል። የትራስ ልብስ፣ ሻሽና ኮፍያ በጣም በሞቀ ውኃ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ማበጠሪያውን በፈላ ውኃ 10 ደቂቃ መዘፍዘፍ ይበቃል። ፍራሽ አውጥቶ መጣልም፣ ቤቱን መርዝ መርጨትም አያስፈልግም። ዋናው በአንድ አልጋ የሚተኙትን ሁሉ በአንድ ቀን ማየት ነው። እናትን ጨምሮ። እናት ስትዘለል ነው የሚመለሰው። አዛውንቶቻችን ቅማል ሲባል ግርሻ የሚባለው የትኩሳት በሽታ ትዝ እያላቸው ይደነግጣሉ፤ ግርሻንና ታይፈስን የሚያስተላልፈው ግን በልብስ ስፌት ውስጥ የሚደበቀው የገላ ቅማል ነው።

ከእያንዳንዷ ልጅ በኋላ ማበጠሪያዋን ስታፈላና ፎጣ ስትቀይር አይተናታል። የጠየቀችውም የተራ ሹሩባ ዋጋ ነው፤ ለተደገመችው ልጅ ምንም አልጨመረችም። በመጨረሻው ቀን ፀጉራቸውን ጥብቅ አድርጋ ሠርታ፣ ጫፉ እንዳይበተን ቋጥራ ሰደደቻቸው፤ የታሰረ ፀጉር ከሌላ ልጅ ፀጉር ጋር በቀላሉ አይነካካም።

ልጃችሁን ተደብቃችሁ አታሰቃዩ፣ ወደ እሷ ውሰዱ። ማንም አይሰማባችሁም፣ ማንም አያፍርባችሁም። አድራሻዋን ለጠየቀን ሁሉ እንሰጣለን። ቅዳሜና እሑድ ሰው ስለሚበዛባት ከሰኞ እስከ ረቡዕ ጠዋት ሂዱ። ኮንዲሽነሩን ይዛችሁ፣ ሹሩባውን ቤት ፈትታችሁ ከመጣችሁ ግማሽ ሰዓት ታተርፉላታላችሁ። ለልጅቷም የሚበላ ነገር ያዙላት፤ መቀመጡ ይረዝማል።